የሳህኑ ቀለበትና የቤቱ ቢላዋ
በባክቴሪያ ዕድገትና በፀረ-ባክቴሪያ ነገሮች ላይ የሚጻፉ ጥናቶችን ለመመዘን የቀረበ ትችት

መነሻ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በሥነ ሕይወትና በጤና ክፍሎች ከሚጻፉት የመመረቂያ ጽሑፎች መካከል አንድ ዓይነት ጽሑፍ በዝቶ ይገኛል። ይኸውም ከአንድ የአገር ቅጠል ወይም ቅመም ጭማቂ አውጥቶ፥ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ አኑሮ፥ በማግሥቱ በዙሪያው የታየውን ጥርት ያለ ቀለበት በማስመሪያ ለክቶ፥ «ይህ ቅጠል ባክቴሪያን ይገድላል» ብሎ የሚደመድመው ነው። እኛም ተማሪዎች ስለ ሆንን ይህንኑ መንገድ ተምረናል፤ ቀለበቱንም ለክተናል። ስለዚህ ይህ ትችት ከውጭ የመጣ ነቀፋ ሳይሆን ከዚያው ከቤቱ ውስጥ የተነሣ ጥያቄ መሆኑን አንባቢው እንዲረዳልን እንለምናለን።

ጥያቄያችን ይህ ነው። በሳህኑ ላይ የታየው ቀለበት በወልቂጤና በቡታጅራ ለሚኖር ሰው፥ በገበታው ላይ ስለሚቀርበው ክትፎ፥ ከጕድጓድ ስለሚወጣው ቆጮ፥ ከወንዝ ስለሚቀዳው ውሃና ከመድኃኒት መደብር ስለሚገዛው ክኒን ምን ይነግረዋል? መልሳችንን አስቀድመን እንናገር። ባክቴሪያ የሚያድገውም ሆነ የሚሞተው እንደሚኖርበት ሁኔታ ነው። ሙቀቱን፥ ኮምጣጣነቱን፥ ርጥበቱንና ጊዜውን ሳይናገር ስለ መድኃኒቱ ኃይል ብቻ የሚናገር ጥናት ግማሽ ጥናት ነው። ግማሹም ጥናት እንደ ሙሉ ተቆጥሮ ወደ ሕዝብ ሲደርስ ጉዳት ያመጣል።

ሁለቱን ከተሞች ያለ ምክንያት አልመረጥንም። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከባሕር ወለል በላይ በ1,900 ሜትር ግድም ከፍታ ትገኛለች። ቡታጅራ ደግሞ ከጉራጌ ተራሮች በስተ ምሥራቅ፥ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በ2,100 ሜትር ግድም ከፍታ ትገኛለች። ሁለቱም የእንሰትና የክትፎ አገር ናቸው። በወልቂጤ አጠገብ፥ በጉብሬ፥ ዩኒቨርሲቲ አለ። ቡታጅራም በጤና ተመራማሪዎች ዘንድ ስሟ የታወቀ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ1986 የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም አቋቁሞ የነዋሪውን ልደትና ሞት ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያ ሥራ ያስተማረን ትልቅ ነገር ቢኖር፥ በሽታን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሐኪም ቤት በር ወጥቶ ወደ ሰው ቤት መሄድ እንደሚገባው ነው።

ይህን ትችት እንድንጽፍ ያነሣሣንም በአንድ ቤት የሆነ ነገር ነው። ከመካከላችን አንዱ ለመስቀል ወደ አገሩ ወርዶ ከዘመዶቹ ጋር ክትፎ በላ። በሦስተኛው ቀን እርሱም፥ የአጎቱ ትንሽ ልጅም ተቅማጥና ትኵሳት ያዛቸው። አያቱ «ሚጥሚጣውን ቆጥባችሁ ነው እንጂ እንዲህ ባላደረጋችሁ» አሉ። አክስቱ ደግሞ ካለፈው ዓመት የተረፈ አሞክሲሲሊን ከሣጥን አውጥተው «ሁለት ቀን ዋጡና ተዉት» አሉ። እርሱ ተሻለው። ሕፃኗ ግን ሰውነቷ ደርቆ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዳ በግሉኮስ ተረፈች። ጓደኛችን በዚያው ዓመት የነጭ ሽንኩርትን ቀለበት ለክቶ ጥሩ ማርክ አግኝቶ ነበር። ነገር ግን ለአያቱም ለአክስቱም የሚመልሰው ቃል አጣ። የእኛም ትችት ከዚያ ዝምታ ይጀምራል።

ቀለበቱ የሚናገረውና የማይናገረው

ዛሬ በብዙ ላቦራቶሪ የሚሠራበት የዲስክ ዘዴ ባወር፥ ኪርቢና ባልደረቦቻቸው በ1966 ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ የቆመ ነው። የዘዴው ኃይል በሥርዓቱ ነው። ሙለር-ሂንተን የሚባለው አጋር 4 ሚሊሜትር ያህል መወፈር አለበት፤ የኮምጣጣነቱ ልክ፥ ማለት ፒ ኤቹ፥ ከ7.2 እስከ 7.4 መሆን አለበት፤ የሚዘራው ባክቴሪያ በአንድ ሚሊሊትር 150 ሚሊዮን ግድም መሆን አለበት፤ ሳህኑም በ35 ዲግሪ ከ16 እስከ 18 ሰዓት መቈየት አለበት። አጋሩ ቢሳሳ ቀለበቱ ያለ ልኩ ይሰፋል። ዘሩ ቢበዛ ይጠብባል። ስለዚህ ቀለበቱ የመድኃኒቱ ኃይል ብቻ ሳይሆን የሁኔታውም ውጤት ነው። የዘዴው አባቶች ይህን አውቀው ሁኔታውን በሥርዓት አሰሩት፤ የእኛ ጽሑፎች ግን ቀለበቱን ወስደው ሥርዓቱን ብዙ ጊዜ ይተዉታል።

የመጀመሪያው ስሕተት ንጽጽሩ ነው። የቅጠሉ ጭማቂ 15 ሚሊሜትር፥ ሲፕሮፍሎክሳሲን 30 ሚሊሜትር አሳየ ይባልና ቅጠሉ የመድኃኒቱ ግማሽ ኃይል እንዳለው ተደርጎ ይነገራል። የዲስኩ መድኃኒት የጥቂት ሚክሮግራም ንጹሕ ነገር ነው፤ ጭማቂው ደግሞ ስንት ዓይነት ነገር በውስጡ እንዳለ ያልታወቀ ድብልቅ ነው። ሁለቱን በአንድ ማስመሪያ መለካት ማርንና ጨውን በአንድ ምላስ ቀምሶ የትኛው ይበልጣል እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት አንድ ነገር በአጋሩ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ መርሳት ነው። ዘይትነት ያለው ነገር ውሃ በሞላበት አጋር ውስጥ በደንብ አይሰራጭም። ስለዚህ ጠንካራ ዘይት ጠባብ ቀለበት፥ ደካማ ሆኖ በውሃ የሚሟሟ ነገር ሰፊ ቀለበት ሊያሳይ ይችላል።

ሦስተኛው ስሕተት ማቆምንና መግደልን አንድ ማድረግ ነው። በቀለበቱ ውስጥ ባክቴሪያው አላደገም ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ምናልባት ተኝቶ ይሆናል፤ መድኃኒቱ ሲነሣለትም ይነቃል። ይህን ለመለየት ከቀለበቱ ውስጥ ጠርጎ በንጹሕ መኖ ላይ እንደ ገና መዝራት ይበቃል። ሥራው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሆኖም በብዙ ጽሑፍ አይገኝም።

አራተኛው ስሕተት ከሁሉ ይልቅ የእኛ አገር ስሕተት ነው። መጽሐፉ «ኦቶክላቩን በ15 ፓውንድ ግፊት፥ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ» ይላል። ይህ ቃል የተጻፈው በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ራሱ ከባሕር ዳርቻው በ3 ፓውንድ ግድም ያንሳል። ስለዚህ ቡታጅራ ላይ መርፌው 15 ሲያሳይ በውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ 117 ዲግሪ ነው እንጂ 121 አይደለም። 121 ለመድረስ መርፌው 18 ግድም ማሳየት አለበት። ይህን ሳያስተካክል የሠራ ተማሪ ያልጸዳ አጋር ላይ ዘርቶ ያልዘራውን ባክቴሪያ ሊያጭድ ይችላል። በዚህ ላይ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ሣጥን ይቀዘቅዛል፤ በማግሥቱ የተለካው ቀለበት የቅጠሉ ይሁን የመብራቱ መጥፋት ማን ይለየዋል? መብራት የጠፋበትን ሰዓት በጽሑፉ ውስጥ መመዝገብ ግን የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የሚያሳፍረው መደበቁ ነው።

ክትፎውና ሰዓቱ

እንግዲህ ከሳህኑ ወደ ጣባው እንለፍ። ከጤነኛ ከብት የወጣ ሥጋ ውስጡ በአብዛኛው ከባክቴሪያ ንጹሕ ነው። ባክቴሪያው ከቆዳው፥ ከአንጀቱ፥ ከእጅና ከቢላዋ መጥቶ በላዩ ላይ ያርፋል። ቁርጥ ሲሆን በላዩ እንዳለ ይቀራል። ሥጋው ሲከተፍ ግን ላዩ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቀድሞ ውጭ የነበረው አሁን በእያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ ይገኛል። ለብ ለብ የሚባለውም ክትፎ ለጣዕሙ መልካም ቢሆንም፥ ባክቴሪያን በሚገድለው ሙቀትና ባክቴሪያን በሚመቸው ሙቀት መካከል ያለውን ልዩነት አያውቅም።

ስለ ሰዓት ጥቂት ስሌት እናቅርብ። ኤሼሪኪያ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ መኖ በሞላበትና 37 ዲግሪ በሆነ ቦታ በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ ይባዛል። አንድ መቶ ባክቴሪያ በዚህ ፍጥነት ቢባዙ በ4 ሰዓት ውስጥ 409,600 ይሆናሉ። ቦታው ቀዝቅዞ መባዛቱ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን እነዚያው መቶዎቹ በዚያው 4 ሰዓት 1,600 ብቻ ይሆናሉ። መድኃኒት አልተጨመረም፥ ቅመምም አልተጨመረም፤ የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው። ጠዋት የታረደ ሥጋ በሞቀ ቤት ውስጥ እስከ ማታ መስቀሉና በነፋሻ ጥላ ውስጥ መዋሉ እንዲህ ያለ ልዩነት ያመጣል። የትኛውም ቀለበት ይህን ልዩነት አያሳየንም።

አያት የተናገሩለትን ሚጥሚጣ ደግሞ በአክብሮት እንመርምረው። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን፥ የኮረሪማው ዘይት፥ የቅቤው ኮሰረት፥ ሁሉም በላቦራቶሪ የባክቴሪያን ዕድገት ሊገቱ ይችላሉ። ነገር ግን እነዚህ ነገሮች ዘይት ወዳጅ ናቸው። ክትፎ ደግሞ በንጥር ቅቤ የራሰ ምግብ ነው። ቅመሙ ወደ ቅቤው ይሄዳል፤ ባክቴሪያው ግን ውሃው ባለበት በሥጋው ርጥበት ውስጥ ይቀመጣል። በሳህኑ ላይ ፊት ለፊት የተገናኙት ሁለቱ በጣባው ላይ ተለያይተው ይኖራሉ። ከዚህም ሌላ ቅመሙ ከተለወሰ በኋላ ክትፎው በደቂቃዎች ውስጥ ይበላል፤ በሳህኑ ላይ ግን ቅመሙ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቷል። አረቄም እንዲሁ ነው። አልኮል ባክቴሪያን በደንብ የሚገድለው ከመቶ 60 እስከ 90 ሲሆን ነው፤ አረቄው ከመነሻው ከዚያ በታች ነው፤ በሆድ ውስጥም ከምግቡና ከውሃው ጋር ሲደባለቅ እጅግ ይሳሳል።

ይህ ሁሉ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። ሞገሴ አሸናፊ ስለ አገራችን ምግቦች ባክቴሪያ ለብዙ ዓመታት የጻፉ ምሁር ናቸው። እርሳቸውና ባልደረባቸው በ1998 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ ከተሰበሰበ ክትፎ ውስጥ ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አግኝተዋል። ጥናቱን የምናመሰግንበት ምክንያት ከቅመሙ ወይም ከቅጠሉ ሳይሆን ከምግቡ ከራሱ ስለ ተነሣ ነው። ሰው የሚበላው ክትፎውን ነውና መመርመር ያለበትም እርሱ ነው።

«ክትፎ አትብሉ» አንልም። ክትፎ የበዓል ክብር፥ የእንግዳ ማዕርግ ነው። የምንለው ቢላዋውና መክተፊያው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ሥጋው ሳይቈይ ይከተፍ፤ ለሕፃናት፥ ለነፍሰ ጡርና ለሽማግሌ ደግሞ በደንብ የበሰለው ይቅረብ ነው።

ቆጮ፤ የሴቶች ጥበብና አንድ መልካም ጥናት

በዚያው ገበታ ላይ ከክትፎው ጎን የሚቀመጠው ቆጮ ግን ሌላ ታሪክ አለው። የጉራጌ እናቶች የእንሰቱን ፍቅፋቂ በእንሰት ቅጠል በተለበደ ጕድጓድ ውስጥ አድርገው፥ አፍነው፥ ድንጋይ ጭነው ለወራት ያኖሩታል። አየር አጥቶ፥ ኮምጥጦ፥ ሳይበላሽ ይቈያል። ማንም ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት አልጨመረበትም።

ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በ1987 ስለ ቆጮ መብላላት ያሳተሙት ጽሑፍ ይህን ምሥጢር በሚገባ ገልጦታል። መጀመሪያ ሊውኮኖስቶክና መሰሎቹ ሥራውን ይጀምራሉ፤ አሲድ እየሠሩ ሁኔታውን ይለውጡታል፤ በተለወጠው ሁኔታ ራሳቸው ይደክሙና አሲድን የበለጠ የሚችለው ላክቶባሲለስ ይተካቸዋል። ፒ ኤቹም ከ6.5 ግድም ተነሥቶ ወደ 4.2 ይወርዳል። ከ4.6 በታች በሆነ ኮምጣጣ ውስጥ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ሊያድግ አይችልም፤ ሌሎችም ብዙዎች ይዳከማሉ። እንግዲህ እዚህ ላይ ባክቴሪያ በባክቴሪያ፥ በአካባቢው ለውጥ አማካይነት ተሸነፈ ማለት ነው።

ይህን ጥናት ከቀለበት ጽሑፎች ጋር ስናመዛዝነው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። እርሳቸው ጊዜውን ተከተሉ፤ የኮምጣጣነቱን ልክ ለኩ፤ ማን ከማን በኋላ እንደሚመጣ ጠየቁ። ይህ ጥያቄ በሁለቱ ከተሞች ዙሪያ ሊቀጥል የሚገባው ነው። በቆላው የተቀበረ ቆጮ ፈጥኖ ይበላላል፤ በደጋው የተቀበረው ግን ብዙ ወራት ይፈልጋል። ከወልቂጤ በታች ካለው ቆላና ከቡታጅራ በላይ ካለው ደጋ ከአንድ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ፒ ኤቹን የሚለካ ተማሪ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ትልቅ ነገር ያገኛል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን፤ የቆጮው አሲድ ቆጮውን እንጂ አጠገቡ ያለውን ክትፎ አይጠብቅም።

ያለ መድኃኒት የሚገታ በሽታ

እንሰቱ ራሱም በባክቴሪያ ይታመማል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቈረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ይወጣዋል። የዚህን የእንሰት አጠውልግ በሽታ ምክንያት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 አጥንተው ዛንቶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ መሆኑን አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አልፏል፤ የታመመን እንሰት የሚያድን መድኃኒት ግን ለገበሬው አልተገኘለትም። በሽታው ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋነኛው የገበሬው ቢላዋ ነው። ስለዚህ የሚመከረው የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ፥ ቢላዋውንም በእሳት ነበልባል ወይም በበረኪና ማጽዳት ነው።

እዚህም ላይ ሁኔታው መድኃኒቱን ይገዛዋል። የበረኪናው ክሎሪን ከቆሻሻ ጋር ሲገናኝ ኃይሉን በቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። የእንሰት ጭማቂ እንደ ተጣበቀበት የተነከረ ቢላዋ ጸድቷል ለማለት አይቻልም። መጀመሪያ ይጠረግ፥ ይታጠብ፤ ከዚያ ይነከር። ይህ ምክር ለእንሰቱ ቢላዋና ለክትፎው ቢላዋ አንድ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቤት አንድ እጅ ይይዛቸዋልና።

ውሃው በክረምት

በመጠጥ ውሃ ላይ የሚጨመረው ክሎሪንም በዚያው ሕግ ይገዛል። «ውሃ አጋር» በሚል ስም በአገራችን ሲሸጥ የኖረው ፈሳሽ ክሎሪን ነው። ክሎሪን በውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው መልክ ባክቴሪያን ፈጥኖ ይገድላል፥ ሌላው ግን ደካማ ነው። ፒ ኤቹ 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ከአራት እጁ ሦስቱ ያህል ኃይለኛው መልክ ነው፤ ፒ ኤቹ 8 ሲሆን ግን ከአራት አንዱ ያህል ብቻ ይቀራል። በተጨማሪም የክረምት ጎርፍ ያደፈረሰው ውሃ ክሎሪኑን ይበላዋል። እንግዲህ በበጋ የሚበቃው መጠን በክረምት ላይበቃ ይችላል። ውሃው አስቀድሞ ረግቶ፥ በጨርቅ ተጠልሎ፥ ከዚያ ክሎሪን ገብቶበት 30 ደቂቃ መቈየት ይኖርበታል። በሳህን ላይ ብቻ የተሠራ የክሎሪን ጥናት ከድፍርሱ ውሃ ምንም አይነግረንም።

ማፍላትም ቢሆን የከፍታን ነገር አይረሳም። በሁለቱ ከተሞች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ወይም በ94 ግድም ነው። ለተቅማጥ ባክቴሪያ ይህም ከበቂ በላይ ነው፤ ነገር ግን የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያ ማዕከል ከ2,000 ሜትር ግድም በላይ ላሉ አገሮች ከ1 ደቂቃ ይልቅ 3 ደቂቃ ያህል እንዲፈላ ይመክራል። ቡታጅራ ከዚህ መስመር በላይ፥ ወልቂጤ በጥቂቱ በታች ናት።

የሣጥኑ ክኒን

አሁን ወደ አክስት ክኒን እንመለስ። በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደ ሆኑ ተገምቷል። አገራችንም በ2015 ይህን ለመከላከል ብሔራዊ ዕቅድ አውጥታ ነበር። ሕጉ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሸጥ ቢልም ያለ ትእዛዝ መግዛት በየከተማው የተለመደ ነገር ነው።

መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚያገኘው ሁኔታ ከሳህኑ ጋር አንድ አይደለም። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ የሚገድሉት ግንቡን በመሥራት ላይ ያለውን፥ ማለት የሚያድገውን ባክቴሪያ ነው፤ የተኛውን ብዙ አይነኩትም። ጆሴፍ ቢገር በ1944 ከፔኒሲሊን ሳይሞቱ የሚቀሩ ጥቂት ባክቴሪያዎች መኖራቸውን አሳየ። ጄንታማይሲን አየር በሌለበትና በኮመጠጠ መግል ውስጥ ኃይሉ ይደክማል። ቴትራሳይክሊን ከወተት ካልሲየም ጋር ይተሳሰርና ወደ ደም በደንብ ሳይገባ ይወጣል፤ ወተትና አይብ በሞላበት አገር ይህን ለበሽተኛው መንገር የመድኃኒት ሻጩ ግዴታ ነው። በሳህኑ ላይ ሰፊ ቀለበት ያሳየ መድኃኒት ሁሉ በበሽተኛው ላይ እንደዚያው የማይሠራበት ምክንያት ከዚህ የተነሣ ነው።

ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር መድኃኒቱን አሳንሶ መውሰድ ባክቴሪያውን እንደሚያስለምደው አስጠንቅቋል። ያን ማስጠንቀቂያ የሰማ ሰው ከዓምናው የተረፈውን ክኒን ለሁለት ቀን አያድልም። ከዚህም በላይ የሕፃናት ተቅማጥ ብዙው የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዱን፥ ሮታን፥ በክትባት መከላከል የጀመረችው በ2013 ነው። አሞክሲሲሊን በቫይረስ ላይ ምንም አይሠራም። ሕፃኗን ያተረፋት ወደ ሰውነቷ የተመለሰው ውሃና ጨው ነው፤ በጊዜው ኦ አር ኤስ ተበጥብጦ ቢሰጣት ኖሮ ምናልባት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድም ባላስፈለጋት ነበር።

ለተቃዋሚዎቻችን መልስና መደምደሚያ

«የዲስክ ዘዴ ርካሽ ነው፤ ተማሪው ያለው ጊዜ ጥቂት ወራት ነው፤ ይህም የመጀመሪያ እርምጃ ነው» የሚሉን ይኖራሉ። እውነት ነው። የአገር ቅጠሎች ሊመረመሩ እንደሚገባም እናምናለን፤ ዳማከሴም ግራዋም በከንቱ አልተወደሱም። የምንቃወመው የመጀመሪያው እርምጃ እንደ መጨረሻው ተቆጥሮ መድምደሚያ መሆኑን ነው።

ስለዚህ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፥ ወይም በሌላ ከተማ፥ ይህን ሥራ የሚሠራ ጓደኛችን ሁሉ በጽሑፉ ውስጥ አራት ነገር እንዲጨምር እናሳስባለን። አንደኛ፥ የአገሩን ከፍታ፥ የኦቶክላቩን ትክክለኛ ሙቀትና መብራት የጠፋበትን ሰዓት ይመዝግብ። ሁለተኛ፥ የመረመረው ነገር ባክቴሪያውን ያቆም ወይም ይግደል እንደ ሆነ ይለይ። ሦስተኛ፥ ቅመሙን ወይም ቅጠሉን ሰው በሚጠቀምበት መጠን፥ በሚጠቀምበት ምግብ ውስጥና በሚጠቀምበት ሰዓት ልክ ይፈትን፤ ሚጥሚጣውን በቅቤው ውስጥ፥ ክሎሪኑን በድፍርሱ ውሃ ውስጥ። አራተኛ፥ ውጤቱን ናሙናውን ለሰጡት ሰዎች በሚገባቸው ቋንቋ ይንገር። አራቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

ይህ ቢሆን ኖሮ ጓደኛችን በዚያ መስቀል ዝም ባላለ ነበር። ለአያቱ «አባባ፥ ሚጥሚጣው ለጣዕም ነው፤ የሚጠብቀን የቢላዋው ንጽሕናና የሥጋው አለመቈየት ነው» ባላቸው፤ ለአክስቱም «እማማ፥ ክኒኑ ይቅር፤ ለልጅቷ ውሃና ጨው እንስጣት፤ ካልተሻላት ዛሬውኑ ወደ ሐኪም እንውሰዳት» ባላቸው ነበር። በሚመጣው መስቀል ወደየአገራችን ስንወርድ እያንዳንዳችን ይህን ያህል ለመናገር እንበቃ ዘንድ ተስፋ እናደርጋለን።